ከ66 ዓመት በኋላ፦ ጡረታ ለማይበቃቸው የሚሰጠው የብሪታንያ ድጎማ እንዴት ይጠየቃል?

በብሪታንያ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ከጡረታ ዕድሜ በፊት ገቢው ላነሰ ሰው የሚሰጥ ድጎማ) ሲቀበል የቆየ ሰው የመንግሥት ጡረታ ዕድሜው ሲሞላ፣ የዚያ ወር ሂሳብ እንደተዘጋ ክፍያው ይቆማል። ለቤት ኪራዩ ይታሰብለት የነበረው ገንዘብም አብሮ ይቆማል። በምትኩ የሚሰጡት ክፍያዎች ግን አንዳቸውም በራሳቸው አይመጡም፤ ጡረታው ራሱ አንድ ማመልከቻ ይፈልጋል፣ ጡረታው የማይበቃ ከሆነ የሚሞላው ፔንሽን ክሬዲት ሌላ ማመልከቻ ይፈልጋል፣ ለኪራይ የሚሰጠው ሃውዚንግ ቤኔፊት ደግሞ በካውንስሉ፣ ማለትም በአካባቢው አስተዳደር በኩል የሚወሰን ሦስተኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ወገኖቻችን «መንግሥት ስንት ዓመት ታክስ ሲቆርጥብኝ ኖሯል፣ ገቢዬን ያውቀዋል» ብለው ይጠብቃሉ። እርግጥ ያውቀዋል፤ ካልተጠየቀ ግን አይሰጥም። ፔንሽን ክሬዲት የማግኘት መብት ካላቸው ቤተሰቦች ሲሶ ያህሉ እንደማይጠይቁት የመንግሥቱ የራሱ ግምት ያመለክታል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 ላለው የበጀት ዓመት የወጡ ናቸው። ቁጥሮቹ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይሻሻላሉ፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው። ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ዕድሜው መቼ ይሞላል?

የመንግሥት ጡረታ ዕድሜ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለወንድም ለሴትም 66 ዓመት ነው። ከኤፕሪል 2026 አንስቶ ግን ቀስ በቀስ ወደ 67 ይወጣል፤ ከኤፕሪል 6 ቀን 1960 እስከ ማርች 5 ቀን 1961 የተወለዱ ሰዎች ጡረታው የሚደርሳቸው 66 ዓመት ከተወሰኑ ወራት ሲሞላቸው ነው፤ ማርች 6 ቀን 1961 እና ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ደግሞ ቢያንስ 67 መሙላት አለባቸው። ስለዚህ የጥቂት ወራት የልደት ልዩነት ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች ጡረታ የሚወጡበት ቀን ሊራራቅ ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልዩ ችግር አለበት። በስደት የመጡ ብዙ ሰዎች ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። አንዳንዶች ደግሞ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ሳይለውጡ እንዳለ አስመዝግበው በሰነድ ላይ ከእውነተኛ ዕድሜያቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በልጠው ይገኛሉ። ጡረታውንና ድጎማውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት የሚቆጥረው የተመዘገበውን ቀን ነው፤ በፓስፖርቱ፣ በሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ወረቀቱና በናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ የሚቆረጥ የመንግሥት መዋጮ) መዝገቡ ላይ ያለው ቀን የማይገጥም ከሆነ ማመልከቻው እዚያው ላይ ሊንቀራፈፍ ስለሚችል፣ ጉዳዩን ዕድሜው ከመሙላቱ አስቀድሞ ማጥራት ይሻላል።

ፔንሽን ክሬዲት ምንድን ነው?

በ2003 የተጀመረው ይህ ድጎማ ዋና ክፍሉ ጋራንቲ ክሬዲት ይባላል። አሳቡ ቀላል ነው፤ መንግሥት አንድ ጡረተኛ በሳምንት ከዚህ በታች ማግኘት የለበትም ብሎ ወለል ያስቀምጣል፣ የሰውየው ገቢ ከወለሉ በታች ከሆነም የጎደለውን ይሞላል። ወለሉ ለነጠላ ሰው በሳምንት 227.10 ፓውንድ፣ ለባልና ሚስት በድምሩ 346.60 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሴቪንግስ ክሬዲት ከኤፕሪል 6 ቀን 2016 በፊት የጡረታ ዕድሜያቸው ለደረሰ ብቻ የሚሰጥ፣ ለነጠላ ሰው ቢበዛ 17.30 ፓውንድ የሚሆን ጭማሪ በመሆኑ ለአዲስ ጡረተኞች አይመለከትም።

በምሳሌ እንየው። በለንደን በካውንስል ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለዓመታት ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት አሉ እንበል። ሙሉውን አዲሱን ጡረታ፣ ማለትም በሳምንት 230.25 ፓውንድ ለማግኘት የ35 ዓመት የናሽናል ኢንሹራንስ መዝገብ ያስፈልጋል፤ እኚህ እናት ያላቸው 25 ዓመት ነው። የሽግግር ደንቦች ስሌቱን ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርጉት ቢችሉም፣ ነገሩን ለማቅለል በቀጥታ ብናካፍለው ጡረታቸው በሳምንት 164.46 ፓውንድ ይሆናል። ባንክ ውስጥ 11,200 ፓውንድ አላቸው። ከዚህ የመጀመሪያው 10,000 ከነጭራሹ አይታይም፤ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ 500 ፓውንድ፣ ሙሉ ባይሆንም እንኳ፣ በሳምንት 1 ፓውንድ ገቢ እንዳለ ይታሰባል። ስለዚህ በቀሪው 1,200 ምክንያት 3 ፓውንድ ይታሰብባቸዋል፤ ገቢያቸው 167.46 ይሆናል፣ እስከ ወለሉ የሚጎድለው 59.64 ፓውንድ ነው፤ እሱም በየሳምንቱ ይሞላላቸዋል። በዓመት ከ3,100 ፓውንድ ይበልጣል።

ብዙ ሰው «ባንክ ገንዘብ አለኝና አይሰጡኝም» ብሎ የሚተወው ይህን ስሌት ስለማያውቅ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ከ16,000 ፓውንድ በላይ ያስቀመጠን ሰው ይከለክላል፤ ፔንሽን ክሬዲት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም፤ የተቀመጠው ገንዘብ በበዛ ቁጥር የሚሞላው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ በር አይዘጋም።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

የመንግሥት ጡረታ፣ የመሥሪያ ቤት ጡረታ፣ ከሌላ አገር መንግሥት የሚመጣ ጡረታ ጭምር እንደ ገቢ ይቆጠራሉ፤ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥራ አገልግሎ በብር ጡረታ የሚቀበል ሰውም መጠኑ በፓውንድ ሲመነዘር ትንሽ ቢሆን እንኳ ማሳወቅ አለበት። ያልተነካ የግል ጡረታ ቁጠባ ያለው ሰው «ገና አልወሰድኩትም» ቢልም አይጠቅመውም፤ ከጡረታ ዕድሜ በኋላ ቢወስደው ኖሮ ሊያገኝ ይችል የነበረው ገቢ ይታሰብበታል። የሚሠራ ሰውም ማመልከት ይችላል፤ የሥራ ሰዓት ገደብ የለም፣ ነገር ግን ከደመወዙ በአብዛኛው ለነጠላ ሰው 5 ፓውንድ፣ ለባልና ሚስት 10 ፓውንድ ብቻ ተትቶ ቀሪው ይቆጠራል። ይህ ቁጥር በጣም አነስተኛ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለሚያጸዱ እናት ድካማቸውን የሚያስቆጭ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በሌላ በኩል ልጆች ለወላጆቻቸው የሚሰጡት ገንዘብ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ሃውዚንግ ቤኔፊትም፣ ለአካል ጉዳትና ለእንክብካቤ የሚሰጡት አቴንዳንስ አሎዋንስና ፒፕም አይቆጠሩም።

ዕቁብ ለብቻው ሊነሳ ይገባል። ዕጣው ወጥቶ ሂሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ጥሪት ነው፤ የባንክ መግለጫ የሚመረምረው ሠራተኛ ዕቁብ ምን እንደሆነ ላያውቅ ስለሚችል፣ በድንገት የገባው ብዙ ሺህ ፓውንድ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ የአባላት ዝርዝር ቢያዝ ይጠቅማል። ከዚህ የሚብሰው የዕቁብ ሰብሳቢ ወይም የማኅበር ገንዘብ ያዥ ነገር ነው፤ በስሙ ያለው ሂሳብ ውስጥ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ ተቀምጦ ይገኛል። የሌላ ሰው ገንዘብ በአደራ የተያዘ እስከሆነ ድረስ የእሱ ጥሪት አይደለም፤ ይህን በጽሑፍ ማረጋገጥ ግን የእሱ ፈንታ ነው። ከተቻለ የማኅበሩን ገንዘብ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሂሳብ ማስቀመጥ ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሀገር ቤት ያለ ቤትስ? አመልካቹ የሚኖርበት ቤት አይቆጠርም፤ አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም ወይም የቤተሰብ ቤት ግን የሚኖርበት ስላልሆነ ጥሪት ነው፤ መሰወርም አይገባም። ዋጋው የሚታየው በገበያ ዋጋው ሲሆን ለሽያጭ ወጪ 10 በመቶና በቤቱ ላይ ያለ ዕዳ ይቀነሳል፤ ከእህት ወንድም ጋር የጋራ ከሆነ የአመልካቹ ድርሻ ብቻ ይቆጠራል። ገንዘቡን ከዚያ አገር ወደ ብሪታንያ ማውጣት የተከለከለ ከሆነ ደግሞ መለኪያው ብሪታንያ ውስጥ ያለ ገዢ ሊሰጥበት የሚችለው ዋጋ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በጣም ዝቅተኛ ነው። ቤቱ ውስጥ የጡረታ ዕድሜ የደረሰ ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችል ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም አክስት የሚኖር ከሆነ ዋጋው ላይታሰብ ስለሚችል፣ በቤቱ የሚኖረው ማን እንደሆነ በማመልከቻው ላይ መግለጽ ያስፈልጋል።

ለዘመድ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ ከገቢ አይቀነስም። ድጎማ ለማግኘት ሲባል ግን ከማመልከቻው በፊት ብዙ ሺህ ፓውንድ ለልጅ ማዛወር ወይም ሀገር ቤት መላክ አደጋ አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡ የወጣው ሆን ተብሎ ጥሪትን ለማጉደል ነው ብሎ ከወሰነ፣ ገንዘቡ አሁንም በእጅ እንዳለ አድርጎ ያሰላዋል።

ወለሉን ከፍ የሚያደርገው ጭማሪ

አብዛኛው ሰው የሚስተው ይህን ነው። 227.10 ለሁሉም አንድ ዓይነት ወለል አይደለም፤ የጤና ችግር ወይም የእንክብካቤ ኃላፊነት ካለ ወለሉ ከፍ ይላል። ሙሉ አዲሱ ጡረታ 230.25 ከወለሉ በ3 ፓውንድ ገደማ ስለሚበልጥ «ሙሉ ጡረታ አለኝ፣ አይመለከተኝም» የሚለው አባባል ጤነኛ ለሆነ ነጠላ ሰው ትክክል ሲሆን፣ በሽታ ላለበት ግን ስሕተት ሊሆን ይችላል።

አቴንዳንስ አሎዋንስ የጡረታ ዕድሜ የደረሰና ቢያንስ ለስድስት ወር በመታጠብ፣ በመልበስ፣ በመብላት፣ መድኃኒት በመውሰድ ወይም ከአደጋ ለመጠበቅ የሰው እርዳታ ያስፈለገው ሰው የሚያገኘው ክፍያ ነው። ገቢም ጥሪትም አይታይበትም። እንደ ችግሩ መጠን በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ ነው፤ በስኮትላንድ በእሱ ፈንታ ፔንሽን ኤጅ ዲስኤቢሊቲ ፔይመንት የሚባለው ይጠየቃል። ጥያቄው እርዳታ ያስፈልጋል ወይ ነው እንጂ እርዳታ የሚሰጥ ሰው አለ ወይ አይደለም። እናቶቻችን ቅጹ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል መንፈስ ያለው መልስ ስለሚሰጡ ብዙ ጊዜ ይከለከላሉ፤ መጻፍ ያለበት በመጥፎው ቀን የሚሆነው ነው፦ ከመታጠቢያው ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቁ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። እኚያ እናት ጉልበታቸው ተይዞ ዝቅተኛውን አቴንዳንስ አሎዋንስ 73.90 ቢያገኙ፣ ብቻቸውን ስለሚኖሩ የፔንሽን ክሬዲት ወለላቸው በ82.90 ፓውንድ ከፍ ብሎ 310 ይደርሳል። ከዚህ 167.46 ሲቀነስ የሚሞላላቸው 142.54 ነው። ጡረታው፣ የሚሞላው ድጎማና አቴንዳንስ አሎዋንሱ ሲደመሩ በሳምንት 380.90 ፓውንድ ይሆናል፤ ምንም ሳይጠይቁ ይኖሩ የነበሩት በ164.46 ነበር።

ይህ ጭማሪ ሁለት ስስ ቦታዎች አሉት። አዋቂ ልጅ አብሮ መኖር ከጀመረ፣ እሱም የአካል ጉዳት ክፍያ የሚቀበል ካልሆነ በስተቀር፣ ጭማሪው በአብዛኛው ይቀራል። ልጅቱ ሌላ ቤት ብትኖርም እናቷን ስለምትንከባከብ ለተንከባካቢዎች የሚሰጠውን ኬረርስ አሎዋንስ የምትቀበል ከሆነ እንዲሁ ይቀራል። ስለዚህ ልጅ ለራሱ ከማመልከቱ በፊት በሁለቱም ቤት የሚገባውና የሚወጣው ተደምሮ ቢታይ ይበጃል።

ሌሎች የሚከፈቱ በሮች

ጋራንቲ ክሬዲት ጥቂት ፔንስ ብቻ ቢሆን እንኳ ዋጋው ከገንዘቡ ይበልጣል። ሃውዚንግ ቤኔፊት በራሱ ሲጠየቅ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ያለውን ሰው አይቀበልም፤ ጋራንቲ ክሬዲት ያለው ግን ይህ ጣሪያ አይነካውም፣ ተቀባይነት ያለው ኪራይም እንደ ደንቡ ሙሉ በሙሉ ይሸፈንለታል። አብሮ የሚኖር አዋቂ ልጅ ካለ ከኪራይ ድጋፉ ላይ ድርሻ ይቀነሳል፤ ወላጁ አቴንዳንስ አሎዋንስ የሚቀበል ከሆነ ግን ይህ ቅናሽ አይኖርም። የካውንስል ታክስ ቅናሽ፣ የጥርስ ሕክምና፣ የመነጽር ቫውቸር፣ 75 ዓመት ለሞላው ነጻ የቴሌቪዥን ላይሰንስም በዚሁ በር ይገኛሉ። ፔንሽን ክሬዲት የማያገኝ ሰውም ሃውዚንግ ቤኔፊትና የካውንስል ታክስ ቅናሽ በራሳቸው መጠየቅ ይችላል።

የዕድሜ ልዩነት ያላቸው ባልና ሚስት

በማኅበረሰባችን ባል በዕድሜ መብለጡ የተለመደ በመሆኑ ይህ ደንብ ብዙዎችን ይነካል። ከሜይ 15 ቀን 2019 ወዲህ በአዲስ የሚያመለክቱ ባልና ሚስት ፔንሽን ክሬዲት የሚያገኙት ሁለቱም የጡረታ ዕድሜ ሲሞላቸው ነው። ባል 68 ሆኖ ሚስት 58 ከሆነች የሚጠይቁት ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው፤ መነሻው ለሁለቱ በወር 628.10 ፓውንድ፣ በሳምንት 145 ገደማ ሲሆን፣ ሁለቱም ጡረተኞች ቢሆኑ ኖሮ ወለላቸው 346.60 ነበር። የባልየው ጡረታም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ልዩነቱ ፍትሐዊ አይመስልም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። የወጣቷ ሚስት ቪዛ የመንግሥት ድጎማ የሚከለክል ከሆነ ስሌቱ ስለሚለወጥ፣ ከማመልከት በፊት ነጻ ምክር መጠየቅ ግድ ነው፤ ሲቲዝንስ አድቫይስና ኤጅ ዩኬ ይህን ያለ ክፍያ ያያሉ።

የመኖሪያ ወረቀት

ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ያለው፣ በጥገኝነት የታወቀ ስደተኛና የሰብአዊ ጥበቃ ያገኘ ሰው ማመልከት ይችላል። ከሆላንድ፣ ከስዊድን ወይም ከሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ይዘው ወደ ብሪታንያ ለተሻገሩ ወገኖች ሴትልድ ስታተስ (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ይበቃል፤ ፕሪ ሴትልድ ስታተስ (ጊዜያዊው ፈቃድ) ብቻውን ግን አይበቃም። ቪዛው ላይ የመንግሥት ገንዘብ መጠቀም የሚከለክል ቃል ያለበት ሰው እነዚህን ድጎማዎች መጠየቅ የለበትም፤ በራሱ መዋጮ ያገኘው የመንግሥት ጡረታ ግን የዚህ ክልከላ አካል አይደለም።

ልጆች «እኛ እናኖራቸዋለን» ብለው በጽሑፍ ዋስትና ፈርመው ያመጧቸው ወላጆች ቋሚ መኖሪያ ቢሰጣቸውም ለአምስት ዓመት ድጎማ አይጠይቁም። አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ከገቡበት ወይም ዋስትናው ከተፈረመበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው። ዋስ የሆነው ልጅ ከሞተ ግን ጊዜው ሳይሞላም መጠየቅ ይቻላል።

ሀገር ቤት መሄድ

ፔንሽን ክሬዲት ውጭ አገር ለሚኖር ሰው አይከፈልም። ለጊዜው የሚጓዝ ሰው እስከ አራት ሳምንት ድረስ አይቋረጥበትም፤ ከመነሻው ከዚያ በላይ ለመቆየት ያቀደ ግን ይህንንም ሊያጣ ይችላል። ለገና ሄደው ጥምቀትን ጨርሰው የሚመለሱ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለልቅሶ ሄደው እስከ አርባው ተዝካር የሚቆዩ ግን አያልፉም፤ አርባ ቀን ከ28 ቀን ይበልጣልና። የሞተው የቅርብ ዘመድ፣ ማለትም እንደ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለ ሲሆንና በአራት ሳምንት መመለስ የማይጠበቅ ሲሆን ጊዜው እስከ ስምንት ሳምንት ይራዘማል። የአጎት ልጅ በሕጉ ዓይን ከዚህ ውስጥ አይደለም፣ ለእኛ ወንድም ቢሆንም። ለሕክምና ከሆነ እስከ 26 ሳምንት ይፈቀዳል። አቴንዳንስ አሎዋንስ እስከ 13 ሳምንት ይታገሣል። የመንግሥት ጡረታ ኢትዮጵያ ጠቅልለው ለገቡም ይከፈላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚጨመረው ጭማሪ ስለማይደርሳቸው መጠኑ በነበረበት ይቆማል።

ማመልከቻው

ማመልከት የሚቻለው ዕድሜው ከመሙላቱ ከአራት ወር በፊት ጀምሮ በኢንተርኔት፣ በፖስታ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 0800 99 1234 ነው። በስልክ ሲሆን ሠራተኛው አማርኛ አስተርጓሚ እንዲያገናኝ መጠየቅ ይቻላል፣ ክፍያም የለውም፤ በዚያው ጥሪ ሃውዚንግ ቤኔፊትንም ማንሳት ይገባል። ስልኩ ከመደወሉ በፊት የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የጡረታ ደብዳቤዎች፣ የተቀመጠው ገንዘብ መጠንና የኪራይ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ቢሆኑ አንድ ጥሪ ይበቃል። የዘገየ ሰው ጉዳቱ የተወሰነ ነው፤ መብቱ ከነበረው እስከ ሦስት ወር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይከፈለዋል። ከሦስት ወር ያለፈው ግን አይመለስም።

ከተፈቀደ በኋላ ለውጥ ሁሉ፣ ማለትም ልጅ ገብቶ መኖር መጀመሩ፣ የጥሪት መጨመር፣ ጉዞ፣ መነገር አለበት፤ ሳይነገር የተከፈለ ትርፍ ገንዘብ ተመልሶ ይጠየቃል። ከተከለከለ ወይም መጠኑ ካነሰ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን የተባለውን የዳግም ምርመራ ጥያቄ ማቅረብ፣ ያም ካልረዳ በሌላ አንድ ወር ውስጥ ወደ ትሪቡናል ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ የሃውዚንግ ቤኔፊት ቅሬታ ለካውንስሉ ይቀርባል። ወሩ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው፤ ልጅ ቅዳሜ መጥቶ እስኪያነብላቸው ድረስ ሳይከፈት የተቀመጠው ቡናማ ፖስታ ውስጥም ጊዜው እየቆጠረ ነው።